የአያት ጠመንጃ ወደ የትኛው ጥንቱ ይመለስ?

የደጋ አጋዘንን ለማደን ፈቃድ አውጥተው ወደ ባሌና ወደ አርሲ ተራሮች የሚጓዙ የውጭ አገር አዳኞች ወደ አገራችን የሚገቡት በአብዛኛው በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ነው። በተቆለፈ ሣጥን የሚያመጡት ጠመንጃ ለዓይን አዲስና ዘመናዊ ይመስላል፤ እንጨቱ ያብረቀርቃል፤ በላዩም የማነጣጠሪያ መነጽር ተገጥሞበታል። መዝጊያውን ስቦ ውስጡን ለተመለከተ ሰው ግን አብዛኛው ነገር እንግዳ አይሆንበትም። በብዙዎቹ ላይ የጥይቱን ቤት የሚቆልፉት ሁለት የፊት ጥርሶች ጀርመናዊው ፓውል ማውዘር ከመቶ ዓመት በፊት ለወታደር ከሠራውና እ.ኤ.አ. በ1898 የጀርመን ጦር ከታጠቀው ጠመንጃ የተወረሱ ናቸው። በ1928 ዓ.ም. ከጣሊያን ወረራ በፊት የኢትዮጵያ መንግሥት ከቤልጅግና ከጀርመን ፋብሪካዎች የገዛቸው፣ የአንበሳ ምልክት የተመታባቸው ጠመንጃዎችም የዚያው ቤተሰብ አባላት ነበሩ።

ከጦር ሜዳ ወደ አደን ሜዳ የተሻገረው ግን የአሠራር ስልት ብቻ አይደለም፤ ጠመንጃዎቹ ራሳቸውም ተሻግረዋል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መንግሥታት የማያስፈልጓቸውን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጠመንጃዎች በርካሽ ሸጡ። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖረው አዳኝ አዲስ የአደን ጠመንጃ ለመግዛት አቅም ሲያጥረው አንድ አሮጌ የወታደር ጠመንጃ ይገዛና በጓሮው ይለውጠዋል። እስከ አፈሙዙ የሚደርሰውን እንጨት በመጋዝ ይቆርጣል፤ የሳንጃ መሰኪያውንና የብረት ቀለበቶቹን ያወልቃል፤ በርሜሉን ያሳጥራል፤ የመዝጊያው እጀታ መነጽሩን እንዳይነካ ወደ ታች ያጎብጠዋል፤ በመጨረሻም ዋናውን የብረት አካል በስቶ የመነጽር መቀመጫ ይገጥምበታል። በውጭው ዓለም እንዲህ ያሉትን ጠመንጃዎች «ስፖርተራይዝድ» ይሏቸዋል። እኛ «ለአደን የተለወጡ» ብንላቸው የሚበቃ ይመስለናል።

(በነገራችን ላይ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ እ.ኤ.አ. ኅዳር 1963 የተገደሉበት መሣሪያ መነጽር የተገጠመለት፣ በፖስታ ትእዛዝ የተገዛ የጣሊያን ካርካኖ ነበር። በወረራው ዘመን ጣሊያኖች በአገራችን ላይ ያነሡት ጠመንጃ የዚሁ ወገን ነው። በፕሬዚዳንቱ ቀብር ላይ ከተገኙት መሪዎች መካከል ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አንዱ ነበሩ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ አሜሪካ ያወጣችው ሕግ የጦር ትርፍራፊ ጠመንጃዎች ወደ አገሯ መግባታቸውን ለዓመታት አቆመ።)

ዛሬ ደግሞ ሥራው በተገላቢጦሽ ይካሄዳል። ያልተነኩት እየጠፉና እየተወደዱ በመምጣታቸው ቀድሞ የተቆረጠውን እንጨት መልሶ መቀጠል፣ የተበሳውን መድፈን፣ የጎደለውን ቀለበት አፈላልጎ መግጠም ራሱን የቻለ የእጅ ሙያ ሆኗል። ሙያው ኬሚስትሪን፣ የብረታ ብረት ሳይንስንና የእንጨትን ባሕርይ ማወቅን ይጠይቃል። ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ግን አንድ ጥያቄ ይቆማል፤ «ወደ ነበረበት መመለስ» ሲባል ወደ የትኛው ጊዜ?

ጥያቄው ለእኛ በተጨባጭ የቀረበው በገርጂ ነዋሪ የሆኑ አንድ አንባቢያችን በፈቃድ የያዙትን የአያታቸውን ጠመንጃ እንድንመለከተው በጋበዙን ጊዜ ነበር። ጠመንጃው የቤልጅግ ሥራ የሆነ አጭር ማውዘር ነው። በጥይት ቤቱ አናት ላይ የአንበሳው ምልክት በስሱ ይታያል። የሰደፉ አንገት በአንድ ወቅት ተሰብሮ በጥሬ ቆዳ ተጠፍሯል፤ በሰደፉ ጎን ላይ በካራ የተቀረጸ መስቀል አለ። የፊቱ እንጨት ግን በግማሽ ተቆርጧል፤ የበርሜሉ ጫፍ አጥሯል፤ በዋናው አካል ላይም አራት ቀዳዳዎች ተበስተዋል። እንደ ቤተሰቡ ትውስታ እነዚህ የኋለኞቹ ለውጦች የተደረጉት ጠመንጃው ከአርበኛው እጅ ከወጣ በኋላ ለአደን እንዲያገለግል ነው። ባለቤቱ ያሰቡት ጠመንጃውን ወደ አንድ ቶርኖ ቤት ወስደው ቀዳዳዎቹን በብየዳ ማስደፈን፣ ብረቱን በሞላ ማስወልወል፣ ቆዳውን አስፈትተው እንጨቱን በብርጭቆ ወረቀት አስልገው «እንደ ፋብሪካው አዲስ» ማድረግ ነበር። እኛ ግን ጥቂት እንዲቆዩ ለመንናቸው።

ስንት ጊዜ ተለውጦ ነው ጥንት የሆነው?

የጠመንጃ ፋብሪካ ካታሎግ የሚያሳየው ቅርጽ ብቻ «እውነተኛው» እንደሆነ የሚያስቡ ሰዎች በአገራችን ዘንድ የታወቁትን ስሞች ቢመረምሩ ሐሳባቸው ይናወጣል። ሰናድር የምንለውን እንውሰድ። ስሙ የመጣው ከስናይደር ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ መቅደላ በዘመቱ ጊዜ የያዙት ይህ ጠመንጃ መጀመሪያ ሲታሰብ አዲስ መሣሪያ አልነበረም። በአፈሙዙ የሚጎርሰው የ1853ቱ ኤንፊልድ የኋላው ተቆርጦ በጎን የሚከፈት መዝጊያ ተገጥሞለት ነው ሰናድር የሆነው። ስለዚህ አንድን እንዲህ ያለ ሰናድር «ወደ መጀመሪያው» የሚመልስ ሰው ሰናድርነቱን ያጠፋል ማለት ነው።

ውጅግራም እንዲሁ ነው። «ፉዚል ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስሙ በአገራችን አንደበት የተቀረጸው ይህ ባለ 11 ሚሊሜትር ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የጸደቀ ሲሆን አንድ አንድ ጥይት ብቻ ይጎርሳል። ከፊሎቹ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የ8 ሚሊሜትር ጥይት እንዲተኩሱ በርሜላቸው ተለውጧል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የቬተርሊ ታሪክ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ከተሰለፉት የጣሊያን ወታደሮች አብዛኞቹ የታጠቁት እ.ኤ.አ. የ1870ውን ቬተርሊ ነበር፤ እርሱም ቢሆን አንድ አንድ ጥይት ከሚጎርሰው የመጀመሪያ ቅርጹ ወጥቶ እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ አራት ጥይት የሚይዝ ካዝና የተገጠመለት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጣሊያኖች ጠመንጃ ሲያጥራቸው የዚሁን ጠመንጃ ባለ 10.35 ሚሊሜትር በርሜል ውስጡን አስፍተው በውስጡ የ6.5 ሚሊሜትር ቱቦ ከተቱበት፤ ካዝናውንም ለወጡት። ለጥቁር ባሩድ በተሠራ አካል ውስጥ ጭስ አልባ ባሩድ የሚፈጥረውን ከፍ ያለ ግፊት አስገቡበት ማለት ነው። ይህ ሦስተኛ መልኩ በቅኝ ግዛት ጦር በኩል ወደ ምሥራቅ አፍሪካ መጥቷል፤ በአገራችንም በብዛት ቀርቷል። ዛሬ ማንም ጠንቃቃ ባለሙያ እንዲተኮስበት አይመክርም። እንደ ታሪክ ማስረጃ ግን ከሦስቱ መልኮቹ የትኛውን «ጥንቱ» እንበለው?

ይህ ጥያቄ የሩቅ ሰዎችም ጥያቄ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ መጨረሻና በ2020ዎቹ መጀመሪያ ከኢትዮጵያ የወጡ በርካታ አሮጌ የጦር ጠመንጃዎች፣ ቬተርሊና ካርካኖ፣ ማውዘርና የአሜሪካ ካርባይን፣ በአሜሪካ ገበያ ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል። ብዙዎቹ በጠፍር የተጠገኑ፣ በአገር እንጨት የተተኩ፣ በሰደፋቸው ላይ የተቀረጸባቸው ነበሩ። አንዳንድ ገዢዎች ይህን ሁሉ እንደ እድፍ ቆጥረው አስወገዱት፤ ሌሎች ደግሞ የገዙት ስለ እርሱ ብለው ነው። በእኛ እምነት የኋለኞቹ ትክክል ናቸው፤ ፋብሪካው የሠራቸው አንድ ዓይነት ጠመንጃዎች እልፍ ናቸው፤ በጠፍር የተጠገነው ግን አንድ ነው።

ብረቱ

የገርጂውን ጠመንጃ ብረት በአጉሊ መነጽር ስንመለከተው ሁለት ዓይነት ዝገት አየን። አንደኛው ጥቁርና ብረቱን አጥብቆ የያዘ ነው፤ ሁለተኛው ቀይ፣ ልቅና ሲነኩት የሚረግፍ ነው። ልዩነቱ የቀለም ብቻ አይደለም። ቀዩ ዝገት ውኃ ያዘለ የብረት ኦክሳይድ ሲሆን ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ እየተሰነጠቀ ይነሣል፤ በስንጥቁም አየርና እርጥበት ገብተው አዲስ ብረት ይበላሉ። ጥቁሩ ማግኔታይት ግን ጥቅጥቅ ያለ በመሆኑ እንደ ልብስ ይሸፍናል።

የጥንቶቹ ጠመንጃ ሠሪዎች ይህን በዘዴ ተጠቅመውበታል። ብረቱን ሆን ብለው በስሱ ያዝጉታል፤ ቀጥሎ በፈላ ውኃ ውስጥ ያስገቡታል፤ ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ይለወጣል። ልቅ የሆነውን በቀጭን የሽቦ ብሩሽ ጠርገው ደጋግመው ይህንኑ ሲሠሩ ያ ጠለቅ ያለ ጥቁር ሰማያዊ መልክ ይገኛል። የዛሬ አዳሾችም በዚሁ መንገድ በመሄድ ያለ ሞላና ያለ ብርጭቆ ወረቀት የዛገውን ወደ ጥቁር ይመልሱታል። ሞላ የአንበሳውን ምልክት በአንድ ደቂቃ ይልጠዋል፤ የፈላ ውኃ ግን ምልክቱን እንዳለ ይተወዋል።

ለአዲስ አበባ ሰው የሚጨመር አንድ ነገር አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በመሆኗ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የፈረንጅ መጽሐፍ «ይህን ያህል ደቂቃ ይፍላ» ሲል የጻፈው ለሞቀው ውኃ ነውና እዚህ ትዕግሥት ማከል ይበጃል። ውኃውም ዲስቲልድ ሊሆን ይገባል፤ በቧንቧ ውኃ ውስጥ ያለው ማዕድን በብረቱ ላይ ነጭ ምልክት ይተዋል።

በበርሜሉ ውስጥ የተጠራቀመው ዝገት ምክንያቱ ሌላ ነው። የጥንት የጦር ጥይት ባሩዱን የሚያቀጣጥልበት ቅመም ፖታሲየም ክሎሬት ነበረበት። ሲተኮስ ይህ ወደ ፖታሲየም ክሎራይድ ይለወጣል፤ ክሎራይድ ደግሞ ከገበታ ጨው የቅርብ ዘመድ ነው። ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብረቱንም ከውስጥ ይበላዋል። ዘይት ጨውን ስለማያሟሟ የቀባ ሁሉ ያዳነ ይመስለዋል እንጂ አላዳነም። ጨውን የሚያወጣው ሙቅ ውኃ ነው፤ ዘይቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ብረቱ ፈጽሞ ሲደርቅ ነው።

የመነጽሩን ቀዳዳዎች በብየዳ ለመድፈን የቀረበውን ሐሳብ ግን አጥብቀን ተቃወምን። የዚያ ዘመን ማውዘር ዋና አካል በአብዛኛው ከለስላሳ ብረት ተሠርቶ ቆዳው ብቻ በካርቦን የጠነከረ ነው፤ የጠነከረው ሽፋን ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። የብየዳ ሙቀት ይህን ሽፋን ያለሰልሰዋል፤ በአጠገቡም ያልታየ ስንጥቅ ሊያስከትል ይችላል። ቀዳዳዎቹን በልካቸው በተሠሩ ትንንሽ ቡሎኖች መሙላት ይቻላል፤ ነገ የተሻለ ዘዴ ቢገኝ ይፈታሉ። ያጠረውን በርሜል በሚመለከት ባዶ ቱቦ በየዶ ማስረዘም የሚባል ዘዴ አለ፤ እኛ ግን አንወደውም። የተቆረጠ በርሜል ተቆርጧል።

እንጨቱና ዘይቱ

የተቆረጠን የፊት እንጨት መቀጠል የዚህ ሙያ ጥበብ የሚለካበት ሥራ ነው። አዲሱ ቁራጭ ዕድሜው፣ የእንጨቱ ዓይነትና የጭረቱ አቅጣጫ ከነባሩ ጋር መስማማት አለበት፤ አለዚያ ክረምት ሲመጣ አንዱ ሲያብጥ ሌላው ባለበት ይቀራል፤ መጋጠሚያው ይከፈታል። የአውሮፓ ፋብሪካዎች በብዛት ዋልነት የተባለውን እንጨት ይጠቀሙ ነበር። ቅጥያው የሚደረገው ብዙ ጊዜ ከብረት ቀለበቱ ሥር እንዲደበቅ ተደርጎ ነው።

እዚህ ላይ የሙጫው ምርጫ የአስተሳሰብ ምርጫ ነው። ኢፖክሲ ጠንካራ ነው፤ ነገር ግን ከተጣበቀ በኋላ እንጨቱን ሳይጎዱ ማላቀቅ አይቻልም። ከቆዳና ከአጥንት የሚፈላው የጥንቱ ሙጫ በሙቅ ውኃ ይለቃል። ለማይተኮስበት ጠመንጃ ጥንካሬው ከበቂ በላይ ነው።

በሰደፉ ላይ የነበሩት ጉድጓዶች አብዛኞቹ የመጋጨት እንጂ የመቆረጥ አልነበሩም። ሲጋጭ የእንጨቱ ቃጫ ይጨፈለቃል እንጂ አይጠፋም። እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጎ በካውያ ጫፍ እንፋሎት ቢሰጡት ቃጫው ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ ጉድጓዱም ከፍ ይላል። በብርጭቆ ወረቀት የሚልግ ሰው ግን ጉድጓዱን ለማጥፋት በዙሪያው ያለውን ሁሉ ዝቅ ያደርጋል፤ እንጨቱ ከብረቱ በታች ይወርዳል፤ የፋብሪካው ማኅተምም የካራው መስቀልም አብረው ይሄዳሉ።

ለመጨረሻው ቅብ ወደ ቨርኒሽ ሱቅ መሄድ አያስፈልግም። የአውሮፓ ጦር ሠራዊቶች ሰደፋቸውን ያጠጡት የተልባ ዘይት ነበር፤ ተልባ ደግሞ የእኛው ገበያ ነው። በዘይቱ ውስጥ ካሉት አሲዶች ግማሽ ያህሉ ሊኖሌኒክ የተባለው ሲሆን ሦስት ድርብ ትስስሮች አሉት። ኦክስጅን በእነዚህ ትስስሮች በኩል ሞለኪውሎቹን እርስ በርስ እያሰረ ፈሳሹን ወደ ጠጣር ስስ ሽፋን ይለውጠዋል፤ ስለዚህ ዘይቱ «ደረቀ» ስንል ውኃ እንደሚተን መትነኑ ሳይሆን መተሣሠሩ ነው። የኑግ ዘይት ግን በብዛት የያዘው ሁለት ድርብ ትስስር ያለውን ሊኖሌይክ አሲድ ስለሆነ ቀስ ብሎ ይደርቃል፤ ለረጅም ጊዜም ይጣበቃል። አንድ ማስጠንቀቂያ ሳንጽፍ ማለፍ አይገባንም፤ ይህ መተሣሠር ሙቀት ያወጣል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጨብጦ ጥግ ቢጣል በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ዘርግቶ ማድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ መዝፈቅ ይገባል።

ጠፍሩ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። በሰደፉ አንገት ላይ ያለው ጥሬ ቆዳ አልጋ የምንጠፍርበትና ከበሮ የምንለጉምበት ያው የአባቶቻችን ዘዴ ነው። ቆዳው ኮላጅን ከተባለ፣ እንደ ገመድ ሦስት ሆኖ ከተገመደ ፕሮቲን የተሠራ ነው። ሲርስ ይለሰልሳል፤ ይለጠጣል። በተሰበረው አንገት ዙሪያ ተወጥሮ ሲደርቅ ውኃው ከቃጫዎቹ መካከል ይወጣል፤ ቃጫዎቹ ይቀራረባሉ፤ ማሰሪያው ስብራቱን እንደ ብረት ቀለበት ያንቀዋል። ያለ ቡሎን፣ ያለ ሙጫ፣ ምናልባትም በአንድ ሌሊት የተሠራ ጥገና ነው።

ነገር ግን ያልተለፋ እርጥብ ቆዳ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ በላይ ሲደርስ ግምዱ ይፈታል፤ ይኮማተራል፤ ወደ ሙጫነትም ይለወጣል። ብረቱን የሚያድነው የፈላ ውኃ ቆዳውን ያጠፋዋል ማለት ነው። የእንጨቱ እንፋሎትም፣ ወደ ቆዳው የሚሰርገው ዘይትም እንዲሁ አደገኛ ናቸው። ሁሉንም በአንድ ላይ «ማደስ» ለሚሻ ሰው ተፈጥሮ ራሷ ምርጫ ታቀርብለታለች። መፍትሔው ብረቱን ከእንጨቱ ለይቶ ማከም፣ የእንጨቱን ሥራ ከጠፍሩ ርቆ ማቆም ነው። ቆዳው ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ መፍታት አያስፈልግም፤ የኤክስ ሬይ ምስል ሚስማር ወይም ሽቦ ካለ ያሳያል። ከአንዲት የቆዳ ብናኝም ኮላጅኑን መርምሮ የበሬ ይሁን የፍየል መለየት የሚቻልበት የላቦራቶሪ ዘዴ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1964 በቬኒስ የተሰበሰቡ የቅርስ ባለሙያዎች ያወጡት ሰነድ የተጻፈው ለሕንፃዎችና ለሐውልቶች ቢሆንም ለዚህ ጠመንጃ የተጻፈ ያህል ነው። እድሳት ግምት በሚጀምርበት ቦታ ይቁም ይላል፤ በየዘመኑ የተጨመረው ይከበር ይላል፤ የተተካው ክፍል ከነባሩ ጋር ይስማማ፣ ሆኖም ተለይቶ ይታወቅ ይላል። ይህን ሚዛን ስንጠቀም የገርጂው ጠመንጃ ሦስት ዘመናት እኩል አይመዝኑም። የፋብሪካው ሥራ አለ፤ የአርበኛው ጥገና አለ፤ የአዳኙ መቁረጥ አለ። የመጨረሻውም ታሪክ ነው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል፤ በመርሕ ደረጃ አንቃወመውም። ነገር ግን ጠፍሩ የጎደለውን አዳነ፤ መጋዙ ያለውን አጎደለ። ስለዚህ የእንጨቱን ርዝመት መመለስ ተገቢ ነው አልን፤ የጠፍሩንና የመስቀሉን መነካት ግን አልተቀበልንም።

ባለቤቱ መጀመሪያ ደስ አላላቸውም። «ታዲያ አዲስ ካልመሰለ ምኑ ታደሰ?» አሉን። የጠፍሩን ፎቶግራፍ በአጉሊ መነጽር አጉልተን የጣት ግፊት የተወውን ጉድጓድ ስናሳያቸው ለጥቂት ጊዜ ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም ወደ ቶርኖ ቤቱ መሄዱ እንዲቀር ተስማሙ።

ሥራውን ከመጀመር በፊት የሚደረጉ ሁለት ነገሮች አሉ። በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት የጦር መሣሪያ መያዝ ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ ማንኛውም ለውጥ ከመደረጉ አስቀድሞ ፈቃድ የሰጠውን አካል ማማከር ግድ ነው። ጠመንጃው የቅርስነት ዋጋ ያለው ሆኖ ከተገኘ ደግሞ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንን መጠየቅ ይገባል። ጠመንጃው ከታደሰ በኋላ እንደማይተኮስበት አስቀድሞ መወሰን አለበት፤ የተበሳና የተቆረጠ የጥንት ብረት ለእይታ እንጂ ለጥይት ግፊት አይታመንም።

የተስማማንበት አሠራር እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ክፍል ከመነካቱ በፊት በጎን ብርሃን ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ደብዛዛ ምልክት የሚነበበው እንዲህ ባለው ብርሃን ነው። ቀዩ ዝገት ይፈላል፤ ጥቁሩ ይቀራል። አዲሱ የፊት እንጨት በሚለቅ ሙጫ ይቀጠላል፤ ከቀለበቱ ሥር በማይታየው ጎኑ የተሠራበት ዓመት ይቀረጽበታል፤ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚፈታው ሰው የቱ የማን እንደሆነ እንዳይሳሳት። ተቆርጦ የወጣ ስንጣሪ ቢኖር እንኳ በከረጢት ተደርጎ ከጠመንጃው ጋር ይቀመጣል።

አቀማመጡን በሚመለከት በቆዳ ሰገባ ወይም በሱፍ ጨርቅ ጠቅልሎ ማኖር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ሁለቱም እርጥበት ይይዛሉ፤ የተለፋ ቆዳ ደግሞ ብረት የሚበላ ጨውና አሲድ ሊኖረው ይችላል። አየር በሚዘዋወርበት፣ የውጭ ግድግዳ በማይነካ ቁምሣጥን ውስጥ፣ እርጥበት ከሚስብ የሲሊካ ጄል ከረጢት ጋር ማስቀመጥ ይሻላል። በሐምሌና በነሐሴ ከረጢቱ ቶሎ ስለሚሞላ በየጊዜው በዝግታ እያሞቁ ማድረቅ፣ ብረቱንም በጥጥ ጓንት ይዞ ማየት ያስፈልጋል፤ የጣት ላብም ጨው ነውና።